በስመ ክርስትና የተሰጠ

ወረታ ገብታችሁ «የኋላሸት ወፍጮ የት ነው?» ብትሉ ሕፃኑም ሽማግሌውም ያሳያችኋል። ወፍጮ እንበለው እንጂ ወፍጮስ አይደለም፣ የሩዝ መፈልፈያ ነው። የኔ ሱቅ ከሱ ጋር በግድግዳ ይዋሰናል። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። እሱ ሞተሩን ሲያስነሳ የኔ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል፣ የሩዙ ብናኝም መጥቶ ዕቃየ ላይ ይሰፍራል። ያን ጊዜ ግድግዳውን እየደበደብሁ እጮህበታለሁ፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን አሳቦ እንዳልሰማ ይሆናል። እንዲህ እየተነታረክን ነው ያረጀነው። ስሜ ሸጌ ነው። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል። ይበሉ፤ ስለሱ ሳወራ ማሳጠር አልፈልግም።

የኋላሸት ተወልዶ ያደገው እዚሁ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል የሚባል ቀበሌ ነው። በልጅነቱ ዜማ ሊማር ጣራ ገዳም ወጥቶ ነበር። ድምፁ ያማረ ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን ሲያጉረመርም እንጂ ሲያዜም ሰምቸው አላውቅም። አባቱ ሲሞቱ እርሻውን የሚይዝ ሰው ጠፋና ትምህርቱን አቋርጦ ወረደ። ያኔ ሩዝ ገና መግባቱ ነበር። ውሃ የሚተኛበት ነው፣ ለከብት እንኳ አይሆንም ሲባል የኖረው መሬት እህል ሰጠ፣ የሰውም እጅ ገንዘብ ያዘ፣ የሣሩ ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ለበሰ። የኋላሸትም ሰብለ ወንጌልን አገባ። እኔ አልደረስሁባትም። ስሟን ሲጠራ ግን ድምፁ ይለወጣል፣ ለኔ ያ ይበቃኛል።

ምጡ የያዛት በነሐሴ ነው። ቁሐርን በክረምት ያላየ ሰው ይሄ አይገባውም። ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳው አንድ ባሕር ይሆናል፤ መንገዱ የት እንደነበር እንኳ የሚያውቅ የለም። የደንገል ታንኳ አለ፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ለሚቀዝፍ ጤነኛ ነው። ተኝታ የምታምጥ ሴት ብትጭኑበት ይገለበጣል። ስለዚህ ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው፣ እስከ ደረታቸው ውሃ ገብተው፣ በትከሻቸው ተሸክመው አወጧት። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ እሷም የለች፣ ልጁም የለ። ይህን የነገረኝ አንድ ቀን ነው፤ የመፈልፈያውን ወንፊት እየጠረገ፣ ፊቴን ሳያይ ነገረኝ። ሁለተኛ አላነሳውም።

ከዚያ በሬዎቹን ሸጦ ወረታ ገባ፣ ሞተሩን ተከለ፣ ኖረ። አላገባም። «ኧረ እንደ መነኩሴ እስከ መቼ ነው?» ስለው «የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺን ደግሞ ሞተሩ አይችልሽም» ይለኛል።

አምና ኅዳር ላይ፣ አዲሱ ሩዝ ከየቀበሌው በአህያ በጋሪ ሲጎርፍለት፣ ሱቄ ድረስ መጣና «ሸጌ፣ ለቁሐር ጀልባ ላሠራ ነው» አለኝ።

«የምን ጀልባ?»

«የብረት ጀልባ፣ ሞተር ያለው። መሐሉ ሰፊ፣ ሰው ተኝቶ የሚሄድበት። ባሕር ዳር የሚሠራ ሰው አግኝቻለሁ።»

ምንም አልቀለድሁም። ለምን እንዳሰበው አውቃለሁ። የራሱ ገንዘብ ግን ከግማሹም አይደርስም ነበር። ስለዚህ ሩዝ ሊያስፈለፍል የሚመጣውን ሰው ሁሉ፣ ያቅምህን ጣል አድርግ፣ ያቅምሽን ጣይ እያለ መለመን ጀመረ።

መጀመሪያ የሄደው የቁሐር ካህን ወደሆኑት ወደ ቄስ ማረው ነው። ገንዘቡ በደብሩ ሒሳብ ይቀመጥ ብሎ ለመናቸው። ቄስ ማረው ጥንቁቅ ሰው ናቸው። «ጀልባ ንዋየ ቅድሳት አይደለም ልጄ። በደብሩ ሒሳብ ባስገባው ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንተው ዘንድ ይቀመጥ፤ አንተን የማያምን የለም። እኔ በየወሩ በሚካኤል ዕለት የሰጡትን ሰዎች ስም በጸሎት አነሳለሁ» አሉት። መልካም ነገር ነበር ያሉት። ጉድ የሠራን ግን ይኸው መልካም ነገር ነው።

ጸሎት ላይ የሚጠራ ስም ገበያ ላይ የምንጠራበት ስም አይደለማ። እግዜር ፊት የምንታወቀው በስመ ክርስትናችን ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ወደ የኋላሸት ጆሮ ጠጋ እያለ፣ «ኪዳነ ማርያም በለኝ»፣ «ወለተ ሚካኤል በለኝ» እያለ ሹክ ይለዋል። ሹክ የሚለውም አለነገር አይደለም፤ በኛ አገር ስመ ክርስትና ለማንም አይነገርም፣ መተተኛ ጆሮ ከገባ አለቀልህ ይባላል። የኋላሸት የቤተ ክህነት ልጅ ነውና ነገሩ ደስ አለው። ባንክ ሄዶ ሲያስገባ ለያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ወረቀት እያስቆረጠ፣ ገንዘቡን አስገቢ ከሚለው ቦታ ላይ ያንኑ ስመ ክርስትና ያስጽፋል። ወረቀቱን ለቄስ ማረው ይሰጣቸዋል፣ እሳቸውም እያነበቡ ይጸልዩበታል። ዋናውን ስም የጠየቀም የጻፈም የለም። ወለተ ሚካኤል ደግሞ አንዲት ብቻ እንዳትመስላችሁ፤ የፎገራ ሴት ግማሹ ወለተ ሚካኤል ነን።

ሌላም ጥፋት ነበር፣ ጥፋት ከተባለ። ሒሳቡ አንድ ነው፤ የወፍጮው ገንዘብ የሚገባበት የራሱ ሒሳብ። ለበጎ ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ማኅበር ማስመዝገብ፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ማሳተም እንዳለበት ማን ነግሮት ይወቅ? እኛ አገር የሰው ቤት ሲቃጠል፣ በሬ ሲሞት፣ ነጠላ ተዘርግቶ ይለመንለታል። ነጠላውን ለመዘርጋት ፈቃድ ሊያወጣ የሄደ ሰው አይቸ አላውቅም።

ከሰጪዎቹ ሁሉ ትልቁን የሰጠ በእውቀቱ ነው። በእውቀቱ ሩዝ በጅምላ እየገዛ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው፤ የሚያስፈለፍለውም እኛ ዘንድ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ተናገረ፣ ሴቶቹ እልል አሉለት፣ ገንዘቡንም ከድርጅቱ ሒሳብ በባንክ አስተላለፈ። በጆሮ ሹክ ማለት የለ፣ ስመ ክርስትና የለ። አልፈርድበትም፤ ስጦታው ስጦታ ነበር። እኔም ቆሜ አጨብጭቤለታለሁ።

ሰኔ ሲገባ ጀልባው ግማሽ ደረሰ። ለሠሪው ቀብድ ተከፍሏል፤ የቀረው ሐምሌ ላይ ሊከፈለውና ጀልባው ውሃው ሳይሞላ ቁሐር ሊደርስ ነው። የኋላሸት ሞተሩ እየጮኸ ሲያጉረመርም ሰማሁት፤ ለካ ዜማ ነው።

ሐምሌ የግብር ወር ነው። የበእውቀቱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ለበጎ አድራጎት የሰጡት ከግብር ይቀነስልዎታል ብሎት ኖሮ፣ ያን ስጦታ ከተቀናሽ አስገብቶ አቀረበ። ገቢዎች ደግሞ አይሆንም አሉት። ስጦታ ከግብር የሚቀነሰው ተቀባዩ በሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን ነው፣ ያም ቢሆን በልክ ነው፤ የሩዝ ፈልፋይ የግል ሒሳብ በጎ አድራጎት አይደለም አሉት። ሕጉ እንደዚያ ከሆነ ልክ ናቸው፣ ከነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከበእውቀቱ ጋር ነው። «እንግዲያውስ ስጦታ አይደለም፤ ለምገዛው ሩዝ የከፈልሁት ቅድመ ክፍያ ነው» ብሎ አስተካክሎ አቀረበ። የግዢ ገንዘብ ወጪ ነዋ፣ ከግብር ይቀነሳል።

ገዛሁ የሚል ካለ ሸጠ የሚባል ሰው መኖር አለበት። ስለዚህ የየኋላሸትን ሒሳብ ከፈቱት። ቢያዩት ከኅዳር እስከ ሰኔ፣ ወለተ ሚካኤል አስገባች፣ ኪዳነ ማርያም አስገባ፣ ወለተ ሚካኤል ደግማ አስገባች። እሱ በዓመት ሸጥሁ ብሎ ያስመዘገበው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ይሄ ሁሉ የተደበቀ ሽያጭ ነው ተባለ። እስኪጣራ ድረስ ሒሳቡ ታገደ።

አብሬው ሄድሁ። ብቻውን ቢሄድ ሁለት ቃል ተናግሮ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ጉዳዩን የያዘችው ኪዳን የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት። ወንበር ሰጠችን።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሩዝ ገዝቶ ካልሆነ ምን ብሎ ከፈለዎት?»

«ለጀልባ ነው ልጄ።»

«ጀልባ ይሸጣሉ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። ከሰብለ ወንጌል ጀምሮ፣ ለኔ አንዴ ብቻ የነገረኝን ሁሉ፣ ለዚያች ልጅ ነገራት። ኪዳን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችው። ብዙ ሰው ጠረጴዛ ሲያገኝ ጆሮው ይዘጋል፤ የሷ አልተዘጋም፣ ይህን ልመስክርላት።

«እኔ አምኘዎታለሁ» አለችው። «ግን አመንሁ ብየ መዝጋት አልችልም፣ ነገ እኔም እጠየቅበታለሁ። ሰጪዎቹ መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ። ይህን ያህል ሰጥቻለሁ፣ ምንም አልገዛሁም ብለው ይፈርሙ። ያን ጊዜ ከሽያጭ አወጣልዎታለሁ፣ እግዱም ይነሳል።»

«መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም ይሄ አይደለማ።»

«እንግዲያው ስመ ክርስትናቸውን እዚሁ ይናገሩ፤ ካህኑም የሚያውቁትን ይመስክሩ።»

እኔ እዚያው ጀመርሁ። መታወቂያየን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ፣ አዳራሹ ሙሉ ባለጉዳይ እየሰማ «ሸጌ እባላለሁ፣ ስመ ክርስትናየ ወለተ ሚካኤል ነው፤ መተተኛ ካለ ይስማ፣ ሱቄ የት እንደሆነም አሳየዋለሁ» አልሁ። የሰጠኋትን ትንሽ ገንዘብ አስጽፌ ፈረምሁ። ኪዳን ሳቀች፣ የኋላሸትም ፊቱ ትንሽ ፈካ አለ። ነገሩ በሳምንት የሚያልቅ መሰለን።

የኋላሸት ሰው ፍለጋ ዞረ። ወረታ ገበያ ዞረ፣ ቁሐር በጭቃ ወርዶ ዞረ። ሁሉም እሺ አለው። እሺ ማለት እኛ አገር ገንዘብ አያስወጣም። የመጣ ግን የለም።

አንዱ «ስመ ክርስትናየን የመንግሥት ወረቀት ላይ? ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ታውቃለህ?» ይለዋል። ሌላዋ ባሌ አልፈቀደም ትላለች። የወረታ ነጋዴዎቹም ይህንኑ የስም ነገር ይደጋግማሉ፤ እኔ ግን እነሱን አውቃቸዋለሁ። እንኳን ስመ ክርስትናቸውን የንስሐ ኃጢአታቸውን ጠጅ ቤት የሚያወሩ ናቸው። የፈሩት ግብሩን ነው። ይህን ያህል ሰጠሁ ብየ ብፈርም፣ ይህን ያህል የምትሰጠው ከየት አግኝተህ ነው ብለው ይመጡብኛል ብለው ነው። ስሙን ሰበብ አደረጉት። አንዱን ሱቄ ድረስ መጥቶ ስኳር ሲጠይቀኝ «ለፈሪ የሚሸጥ ስኳር የለኝም» ብየ መለስሁት። ምን ይጠቅማል፣ ሌላ ሱቅ ሄዶ ገዛ።

የመጡት ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው። በቁሐር ዳር፣ ማንም የማይፈልገው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሰፈሩ ናቸው፤ ውሃ ሲሞላ ቀድሞ የሚገባው እነሱ ቤት ነው። አማከለች የምትባለው የነሱ ትልቅ ሴት ሁሉንም አስከትላ፣ በዝናብ በእግሯ መጣች። ተራ በተራ ስመ ክርስትናቸውን ተናግረው ፈረሙ። የሰጡት ጥቂት ነው፤ አንድ እንስራ፣ ሁለት ድስት ሸጠው ያገኙት ነው። «መባ የምትባል ልጄ ትቀራለች» አለች አማከለች ለኪዳን። «ይፋግ ገበያ ሸክላ ይዛ ሂዳለች። ሰኞ ትመጣና ትፈርማለች።» ሰኞ ግን ዝናቡ አላስወጣ አለ፣ ከዚያም ወዲህ አላቆመም።

የሸክላ ሠሪዎቹ መፈረም ሲሰማ ጭራሽ ነገር ባሰ። «ከነሱ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ስመ ክርስትናየን? ይበሉኛል» የሚል ተነሣ። ቡዳ ናቸው ማለቱ ነው። ወጡን በሸክላቸው እየሠራ፣ ውሃውን በሸክላቸው እየጠጣ፣ ስሙ ከስማቸው ጎን ሲሆን ይበሉኛል ይላል። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ በእውቀቱ ዘንድ ሄድን። መጋዘኑ በር ላይ፣ ጆንያ እያስቆጠረ አገኘነው። የኋላሸት አንገቱን ደፍቶ «የሰጠኸውን ሰጠሁ በል። ሌላ ምንም አልለምንህም። ያንተ ብቻ ከወጣ እግዱ ይላላልኛል፣ የጀልባውን ቀሪ እከፍላለሁ» አለው።

«የኋላሸት፣ እኔና አንተ ጠብ የለንም» አለ በእውቀቱ። «ግን አንዴ ግዢ ነው ብየ አቅርቤያለሁ። አሁን ብመልሰው ዋሸህ ብለው የአምናውንም የታች አምናውንም ያገላብጡብኛል። ባይሆን በገንዘቡ ልክ ኅዳር ላይ ሩዝ ስጠኝ። ያኔ እውነትም ሸጥህልኝ ማለት ነው፣ ነገሩ ያበቃል።»

«የቁሐርን ሰው ጀልባ ሩዝ አድርገህ ልትበላው ነዋ» አልሁት እኔ።

«ሸጌ፣ አንቺ ሱቅሽን ጠብቂ» አለና ወደ ጆንያው ዞረ።

ጀልባው ግን አልቋል። ሠሪው ከባሕር ዳር በየጊዜው ይደውላል፤ ቀሪውን አምጣና ውሰድ ይላል። የኋላሸት የራሱም የሰውም ገንዘብ የታገደው አንድ ላይ ነው፤ ለሞተሩ ናፍጣ መግዣ እንኳ አጣ። ሐምሌ ደግሞ ገበሬው የዘር ብር የሚበደርበት ወር ነው፣ ማን ያበድረዋል? ሞተሩን ልሽጥ ቢል፣ ግብር ያለበትን ሰው ንብረት አንነካም አሉት። ወፍጮው ዝም አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ዝም በል እያልሁ ግድግዳ የደበደብሁበት ሞተር ዝም ሲል፣ ጆሮየን ግድግዳው ላይ ለጥፌ መነሣቱን እጠብቅ ጀመር።

ያ ሳይበቃ ወሬ ተነሣ። የጀልባውን ገንዘብ በላው ተባለ። ያወሩት ደግሞ ሂዱና ፈርሙ ሲባሉ እምቢ ያሉት ናቸው። አንዲት ሴትዮ እፊቱ «የሚካኤልን ሰው ገንዘብ በልቶ ማን አምልጧል» ብላ አለፈች። እኔ መለስሁላት፤ ያልኋትን እዚህ አልደግመውም።

ነሐሴ ላይ ውሃው ሞላ። ያን ዓመት የሞላው ደግሞ በአንድ ሌሊት ነው፤ ሰው ከብቱን እንኳ ሳያወጣ ተያዘ። የኋላሸት ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ሥራ የለውማ። ስልኩ ጮኸ። አማከለች ናት። ድምጿ እኔም ዘንድ ይሰማል።

«ልጄ ታማብኛለች፣ መባ። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል መሰለኝ፣ እኔንም አታውቀኝ። ጀልባው መጣ?»

የኋላሸት ከተቀመጠበት ተነሣ። አማከለች «ጀልባው መጣ ወይ?» ብላ ደገመችው።

«አልመጣም» አላት። «እኔ እመጣለሁ።»

ልይዘው ሞከርሁ፤ ዕድሜህን አታውቅም ወይ አልሁት። ገፍቶኝ ሄደ። ከአስፋልቱ ወርዶ ውሃ ገባ። የመባ ወንድሞች ቃሬዛ ሠርተው ጠበቁት። ተሸካሚ ቢጣራ፣ ገበሬው ገሚሱ ከብቱን እያወጣ ነው፣ ገሚሱ ደግሞ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት ብሎ ዘወር አለ። ስለዚህ በጥቂት ሰው ተሸከሟት። ውሃው ከሰብለ ወንጌል ጊዜው ይልቅ ጥልቅ ነበር አለኝ በኋላ። ሲወድቁ ሲነሱ፣ ልጅቱን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ቀትር ላይ የጀመሩት መንገድ ሊመሽ ሲል አበቃ። እኔ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አስቁሜ እጠብቃለሁ። ሲወጡ አየኋቸው። የኋላሸት ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሬዛውን ግን አልለቀቀም። መባ ትተነፍሳለች። ይኸው ደረሰች ብየ አለቀስሁ።

ጤና ጣቢያ አስገባናት፣ መድኃኒት ሰቀሉላት። ነርሷ ለብቻ ጠርታኝ «ትናንት ብታመጧት ኖሮ» አለችኝ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሞተች። የኋላሸት ኮሪደሩ ላይ፣ ልብሱ ገና ሳይደርቅ ቁሞ ነበር። አማከለች ውሃ ዘግቷት ልጇ ስትሞት አልደረሰችም። የነገራት እሱ ነው፣ በዚያው ስልክ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፣ ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ ገቢዎች በር ላይ ተሰለፈ። ከሸክላ ሠሪ ጋር አልጻፍም ያለው መጣ፣ ባሌ ከለከለኝ ያለችው ከነባሏ መጣች፣ ስመ ክርስትናውን አልናገርም ያለው ነጋዴ ከበር ጀምሮ እየጮኸ ተናገረ። ቄስ ማረው ወንበር ላይ ተቀምጠው አዎ እሱ ነው፣ አዎ እሷ ናት ይላሉ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። «ጥንቃቄየ ነው ልጄ፣ ጥንቃቄየ ነው» አሉት የኋላሸትን። በእውቀቱም መጥቶ ግዢ አይደለም፣ ስጦታ ነው ብሎ ፈረመ። ግብሩን ከነቅጣቱ ከፈለ አሉ። አመሰግናለሁ ብሎ የጨበጠው የኋላሸት ነው። እኔ እጄን አልሰጠሁትም፣ ወደፊትም አልሰጠውም።

እግዱ ተነሣ፣ ቀሪው ተከፈለ፣ ጀልባው ጥቅምት ላይ በመኪና ተጭኖ መጣ። ቁሐር ሲደርስ ሜዳው ደርቆ፣ ሩዙ ሊታጨድ ቀርቦ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በበሬ አስጎተቱት። ቄስ ማረው ጠበል ረጩት፣ ሕፃናት ወጡበት ወረዱበት። የኋላሸት ዳር ቁሞ አየውና ወደ ወረታ ተመለሰ።

ኅዳር ሲብት ኪዳን ጉዳዩን ልትዘጋ አስጠራችው። እንደልማዴ አብሬ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ተስተካክሏል» አለችው። «አንዲት ብቻ ቀረችብኝ፤ አመተ ሥላሴ የምትባል። ያልፈረመች እሷ ብቻ ናት። ብታመጧት ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።»

እኔ ማን እንደሆነች አላወቅሁም። እሱ ገና ስሟ ሲጠራ አውቋል፣ በጆሮው የነገረችው ለሱ ነዋ።

«መባ ናት» አለ። «ሞታለች።»

ኪዳን መዝገቡን አንዴ ገልብጣ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ወራሿ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥታ ብትፈርምላት ይቻላል። ካልሆነ እንደ ሽያጭ ትቆያለች። ትንሽ ገንዘብ ናት ጋሼ፣ ግብሯ ይሄን ያህል አይደለም። ከፈቀዱ እኔ ከኪሴ ልክፈላት» አለች።

«አማከለችን ልጅሽ ለጀልባ ሰጥታ ነበር ወይ እያልሁ ፍርድ ቤት አላቆማትም» አለ። «አንቺም አትከፍይ። እኔ እከፍላለሁ።»

ኪዳን እስክሪብቶዋን አነሣች። «ሽያጭ ካልን የተሸጠውን መጻፍ አለብኝ። ሩዝ ልበል?»

«ሩዝ አልሸጥሁላትም» አላት። «የጀልባ መሳፈሪያ በይው።»

ጻፈችው። ከፈለ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ወጣን። ሰው ሩዙን ጭኖ በሩ ላይ ይጠብቀው ስለነበር በቀጥታ ሄዶ ሞተሩን አስነሣ።